አምስት መቶ ዋት

መርዚያ አመጣችው፣ በፌስታል ጠቅልላ፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከላስቲኩ ጥላ
ማመልከቻ ጽፋ የምታድረዋ፤
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ብልጭ አለና
ጸጥ አለ ሳጥኗ፣ ከነአቤቱታዋ።

«ሦስት ወር አልሞላው፤ አዲስ ነው» አለችኝ፣
«ጎኑን አንብብ እስቲ፤ አምስት መቶ ዋት ነው፤ ይኸም ካነሰኝ
ምን ልግዛ ነው ታዲያ?»

አነበብኩ።
ወርቅማ ወረቀት፣ ሥዕሉ አንበሳ፣
ቁጥሩ እንደ ሠርግ ጥሪ የደመቀ፣ እንዳይረሳ።
ቁጥር መጻፍማ ምን ያስቸግራል?
እስክሪብቶ ያለው ሰው ሺህም ይጽፋል።

ጋሽ ወልደሰንበት፣ ያስተማሩኝ ሰው፣
«ከማንበብህ በፊት በእጅህ መዝነው»
ይሉኝ ነበርና አነሣሁት፤ ከበደ።
መርዚያ ፊቷ ፈካ፤ የኔ ልብ ግን ካደ፤
ክብደቱ ባንድ ጥግ፣ ባንድ ጎን ተኝቷል፣
ጭነቱ ያዘመመ በቅሎ ይመስላል።

ጎረቤቴ አባ ዱራ፣ ማር ሻጩ፣ ሚዛኑን አዋሰኝ፤
አንድ ኪሎ ከሩብ። «ማር ቢሆን» አለኝ፣
«በክብደቱ ብቻ አልገዛህም ነበር፤
ከፍተህ ቅመሰው።»

ከፈትኩት፤ ቀስ ብዬ፣ አንድ እጄን ከኋላ፤
ኮንደንሰር እንደሆን ከተነቀለም በኋላ
ቂም ቋጥሮ ይቆያል፣ የሚነካው እስኪያገኝ።
አምፖል አስነክቼ ቂሙን አስተፋሁት፣
አራቱን ብሎን ፈታሁት።

ሲሚንቶ።
የጡጫ ያህል ሲሚንቶ፣ በሙጫ ተለጥፎ፣
ከማራገቢያው ሥር፣ ጥጉን ታቅፎ።
አባ ዱራ ሳቀ፤ «እኛ ጋ ስኳር ነው የሚቀላቀለው፤
እናንተ ጋ ደግሞ ቤት ይሠራል?» አለ።

ሰሌዳውን አየሁት፣ በባትሪ ብርሃን፤
ለመጠምጠሚያው ቦታ፣ ለማጣሪያው ቦታ፣
በነጭ ቀለም ተሠምሮ፣ ስማቸው ተጽፎ፤
እነሱ ግን የሉም፤
እንደ እድር ስብሰባ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣
ስም እየተጠራ «አቤት» ባይ የጠፋበት።
አንዱ ወንበር ላይ ቁራጭ ሽቦ ብቻ
ስለ ቀሪው ሁሉ ፈርሞ ተቀምጧል።

ገመዱስ? ልጣጩ ወፈር፣ ሞላ ያለ፤
በምላጭ ስገፈው ሰባት ክር ቆጠርኩ፣
እያንዳንዷ ከጸጉር ጥቂት የወፈረች፤
ፋቅ ፋቅ ሳደርጋት ቀይነቷ ለቆ ነጣች፤
መዳብ የተቀባች አሉሚኒየም ነች።
በዚህች ነው እንግዲህ አምስት መቶ ዋት የሚያልፈው፤
በገመድ ድልድይ ላይ የአጋሮ አውቶቡስ እንደማሳለፍ ነው።

ከመደርደሪያዬ ሌላ አወረድኩላት፤
ከዩኒቨርሲቲው ጨረታ የወጣ፣ ግራጫ፣ አቧራ የጠጣ፣
ጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል «ሦስት መቶ» የሚል።
ይኸም ይከብዳል፤ ግን ክብደቱ ሁሉ ሥራ አለው፤
መጠምጠሚያው የሎሚ ያህል፣
ብየዳው እንደ ጤዛ የጠራ፤
ገመዶቹን ደግሞ
የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣
በየስንዝሩ አስሮ፣ መረብ አልብሶ፣
ከቆርቆሮው ሲወጡ አንገታቸው እንዳይቆረጥ
ለስላሳ ቀለበት አስገብቶላቸዋል።
ማን ያይልኛል ብሎ ይሆን?

አረንጓዴውን ከጥቁሩ በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኘሁ፤
ማራገቢያው ዞረ።
ሦስት የባጃጅ አምፖል አሸከምኩት፤
ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ አዌቱ ሞልቶ ይጮኻል፤
መለኪያዬ ግን አሥራ ሁለት ላይ ቆሞ
ፍንክች አላለም።

እንከን አለው፤ አልዋሽም።
ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ገመድ አራት ጣት ያጥራል።
ከሌላ ሬሳ ቆርጬ ቀጠልኩለት፣
ቢጫውን ከቢጫ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣
መርዚያ ባትሪ ይዛ፣ እስትንፋሷን ውጣ።

ሳጥኗ ሲነሣ እዚያው ቁጭ ብላ
አቤቱታ ጀመረች፤ የራሷን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«ለ» ብላ ጻፈች፤ ቆመች።
«ለማን ልበል?» አለችኝ።
ወርቅማውን ወረቀት አገላበጥን፤
አንበሳ አለ፤ ቁጥር አለ፤
የሠሪ ስም የለም።

ሲሚንቶውን አልጣልኩትም።
ነፋስ ሲመጣ የሱቄን በር ደግፎ ይይዛል፤
ይችላል፣ በልኩ ሲያሠሩት።